ይቅርታው የማን ነው?

በ2003 ዓ.ም. የክርስትናና የእስልምና ሃይማኖት መሪዎች አንድ ላይ ሆነው በመንግሥት ፊት አማላጅ ቆሙ። ያማለዱላቸው የደርግ ከፍተኛ ባለሥልጣናት ነበሩ። በዘር ማጥፋት ወንጀል ተከስሰው፣ አሥራ ሁለት ዓመት ከፈጀ ሙግት በኋላ ጥፋተኛ ተብለው፣ በግንቦት 2000 ዓ.ም. ይግባኝ በታየበት በጠቅላይ ፍርድ ቤት ሞት የተፈረደባቸው ሰዎች ናቸው። አባቶች ያቀረቡት ምክንያት ቅን ነበር። ሰዎቹ ከ1983 ዓ.ም. ጀምሮ ታስረዋል፣ አርጅተዋል፣ ከመካከላቸውም በእስር ቤት ያረፉ አሉ። አገሪቱ ደግሞ በደም ላይ ደም መጨመር አይበጃትም። በሃይማኖት መሪ አንደበት ይህ ሲነገር ማን ይቃወማል?

የተቃወሙ ነበሩ። ልጆቻቸውን፣ ባሎቻቸውን፣ ወንድሞቻቸውን በቀይ ሽብር ያጡ ሰዎች ዜናውን የሰሙት እንደማንኛውም ሰው ከሬዲዮና ከጋዜጣ ነው። ብዙዎቹ ለሠላሳ ዓመታት ያህል ቤተ ክርስቲያን የሳሙ፣ ልጃቸውን በየዓመቱ በሙት ዓመት ያሰቡ ክርስቲያኖች ናቸው። ይቅርታ የሚባለውን ነገር ከሰባኪ መማር አያስፈልጋቸውም። ያንገበገባቸው ሌላ ነው። የእነርሱ የሆነ ነገር በሌላ ሰው እጅ ሲሰጥ አዩ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅጡ የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ሕገ መንግሥቱ የጸደቀው ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ሲሆን የደርግ ባለሥልጣናት ችሎት የተከፈተው ከአምስት ቀን በኋላ፣ ታኅሣሥ 4 ቀን ነበር። የዚያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 28 የዘር ማጥፋት፣ ያለ ፍርድ መግደል፣ ሰውን አስገድዶ መሰወርና ማሠቃየት በጊዜ ብዛት እንዳይታለፉ፣ የትኛውም የመንግሥት አካል በምሕረትም ሆነ በይቅርታ እንዳያልፋቸው ይከለክላል። የተወው በር አንድ ብቻ ነው፤ ርዕሰ ብሔሩ የሞት ፍርድን ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ሊያሻሽል ይችላል። ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስም በዚያው በር ገብተው በግንቦት 2003 የ23ቱን ሰዎች የሞት ቅጣት ወደ ዕድሜ ልክ ለወጡ። ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ሰው ደግሞ ሃያ ዓመት ከታሰረ በአመክሮ ሊለቀቅ ይችላልና በመስከረም 2004 የቀድሞውን ጠቅላይ ሚኒስትር ፍቅረ ሥላሴ ወግደረስንና የቀድሞውን ምክትል ፕሬዚዳንት ፍስሐ ደስታን ጨምሮ 16 ሰዎች ከቃሊቲ ወጡ።

እንግዲህ በሕጉ ዐይን ይቅር ያላቸው የለም። ቅጣታቸው ተሻሻለ፣ የአመክሮ ጊዜያቸው ደረሰ፣ ወጡ። የሟች እናትም ቤቷ ተንኳኩቶ አልተጠየቀችም። ሆኖም ዛሬ በየቡና ቤቱ ስለዚያ ጊዜ ሲወራ "ይቅር ተብለው ወጡ" ይባላል። በሕግ ያልተደረገ፣ በተበዳይ ያልተሰጠ ይቅርታ እንዴት ሆኖ በሕዝብ አእምሮ እንደተፈጸመ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ያንኑ ነገር እንደገና ልናደርገው ደጃፉ ላይ ቆመናልና።

ስለየትኛው ቁስል እንደሚወራ ለወጣቱ አንባቢ ጥቂት ማስታወስ ይገባል። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ደርግ የቀድሞውን መንግሥት ሹማምንትና የጦር መኮንኖች፣ በተለምዶ "ስድሳዎቹ" የሚባሉትን፣ ያለ ፍርድ ረሸነ። በ1969 እና በ1970 ደግሞ፣ በቀይ ሽብር ዘመን፣ ግድያው ከባለሥልጣናት ወርዶ ወደ ተማሪ ቤቱና ወደ ቀበሌው ገባ። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ መንገድ ላይ የክፍል ጓደኛውን ሬሳ ተሻግሮ ያልፍ ነበር፤ ደረቱ ላይ ወረቀት ተለጥፎበት። የልጇን አስከሬን ለመውሰድ የሄደች እናት የተገደለበትን ጥይት ዋጋ ክፈይ ትባላለች። ገንዘቡን ቋጥራ ስትመጣ ደግሞ ማልቀስ፣ ድንኳን መትከል፣ ለቅሶ መቀመጥ ክልክል ነው። ጎረቤት ገብቶ "እግዜር ያጥናሽ" አላላትም፤ እርሱም ፈርቷል። አራት ልጆቿን በአንድ ቀን የተነጠቀች እናት ነበረች። በ2002 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ ለተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም መነሻ የሆነው ሐውልት ላይ የሰፈረው ቃል የእርሷ ነው።

ደርግ ከወደቀ በኋላ የጅምላ መቃብሮች ተቆፈሩ። ከአርጀንቲና የመጡ፣ በገዛ አገራቸው የተሰወሩትን ሲፈልጉ የኖሩ የፎረንሲክ ባለሙያዎች ከልዩ ዐቃቤ ሕግ ጋር ሆነው አፅሞቹን አንድ በአንድ አወጡ። የአንዳንዱ ሟች አንገት ላይ የታነቀበት የናይሎን ገመድ እንደታሰረ ነበር። ልብሱ በስብሶ ገመዱ ቀርቷል።

ቤተ ክርስቲያንም በዚያው ጉድጓድ ውስጥ ነበረች። ሁለተኛው የኢትዮጵያ ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ በየካቲት 1968 ከመንበራቸው ወርደው ታሰሩ፤ በሐምሌ 1971 ተገደሉ። አፅማቸው ተፈልጎ የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው፤ ያረፈውም እርሳቸው ባሠሩት በጎፋ ቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ነው። በዚያው በሐምሌ ወር የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ከጸሎት ሲወጡ ታፍነው ተወሰዱና ተገደሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳም ተይዘው ተሠቃዩ፤ አሥር ዓመት ያህል ታሰሩ።

ስለዚህ አብያተ ክርስቲያናቱ ስለራሳቸው ቁስል ይቅር ለማለት ሙሉ መብት ነበራቸው። ስለ አቡነ ቴዎፍሎስ ደም፣ ስለ ቄስ ጉዲና ደም፣ ስለተወረሰው መሬትና ስለተዘጋው ጸሎት ቤት "እኛ ትተናል" ቢሉ ማንም ሊጠይቃቸው አይችልም ነበር። ጥይት የገዛችውን እናት ድርሻ ግን ይዘው መሄድ አይችሉም። እርሷ ውክልና አልሰጠችም።

ይህ ከክርስትና ውጭ የመጣ አስተሳሰብ ሊመስል ይችላል፤ ከወንጌሉ ውስጥ ግን ቁልጭ ብሎ አለ። ክርስቶስ በመስቀል ላይ ሆኖ ለገዳዮቹ ሲለምን የተቸነከረው ራሱ ነው። ቀዳማዊ ሰማዕት እስጢፋኖስም ለወጋሪዎቹ የጸለየው ድንጋዩ በራሱ ላይ እየወረደ ሳለ ነው። ሌላ ሰው ሲወገር ዳር ቆሞ "ይቅር ብያለሁ" ያለ ጻድቅ በመጽሐፍ አይገኝም። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 17 ላይም የበደለህን ወንድም ይቅር እንድትል የታዘዘው አስቀድሞ መገሠጽ፣ የእርሱም መጸጸት ተጠቅሶ ነው። እዚያው ወንጌል ምዕራፍ 19 ላይ ቀራጩ ዘኬዎስ ከዛፍ ወርዶ ጌታን በቤቱ ሲቀበል ካፉ የወጣው የመጀመሪያ ነገር የገንዘብ ጉዳይ ነው። ከሀብቱ እኩሌታውን ለድሆች እንደሚሰጥ፣ የቀማውን አራት እጥፍ እንደሚመልስ ተናገረ። መዳን ለዚያ ቤት ሆነ የተባለው ከዚያ በኋላ ነው። አራት እጥፍ!

የዮሴፍ ታሪክ ደግሞ በየስብከቱ ስለይቅርታ የሚነሳ ቢሆንም መካከሉ እየተዘለለ ነው። ዮሴፍ ወንድሞቹን ገና እንዳያቸው አንገታቸው ላይ አልተጠመጠመም። ሰላዮች ናችሁ አላቸው፤ ሦስት ቀን አሰራቸው፤ ስምዖንን መያዣ አድርጎ አስቀረ፤ የብር ጽዋውን በብንያም ስልቻ አስደብቆ ፈተናቸው። ልክ እንደርሱ የተወደደውን ታናሽ ወንድም ዛሬም ጥለውት ይሄዱ እንደሆነ ማየት ፈልጎ ነው። ይሁዳ ወጥቶ "በብላቴናው ፋንታ እኔን ባሪያ አድርገኝ" የሚል ልመና ሲያቀርብ፣ ያኔ ነው ዮሴፍ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያለቀሰው። ሰዎቹ እንደተለወጡ አየ፤ ይቅርታውም መሬት ያዘ።

የአገራችን የእርቅ ሥርዓትም ይህን ያውቃል። ድሮ ነፍስ የጠፋበት እርቅ ሲፈጸም ገዳዩ ወይም ወገኑ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ በሟች ወገን ፊት ይወድቃል፤ ጥፋቱን ይናገራል፤ የደም ካሳ ይቆረጣል። የንስሐ አባትም ቢሆን የሰረቀ ሰው ሲመጣ ጸሎትና ስግደት ብቻ አያዝዙም፤ "የሰው ገንዘብ መልስ" ይላሉ። ከጊዜ በኋላ ግን ነገሩ ቀለለ። ድንጋዩ ቀረና "በማወቅም ባለማወቅም ላጠፋሁት ይቅርታ" የምትል አረፍተ ነገር ተተካች። ይህች አረፍተ ነገር ለጎረቤት ጭቅጭቅ ትበቃ ይሆናል። ሰው ላስገደለ ሰው አትበቃም፤ ማንን፣ የት፣ በማን ትእዛዝ እንደገደለ አንዲት ቃል የለባትምና።

ይህ ልማድ ከፖለቲካው ይልቅ በቤት ውስጥ የበለጠ ይጎዳል። ባሏ ጥርሷን ያወለቀባት ሚስት ዘንድ ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አጣፍተው ይመጣሉ። መጀመሪያ የሚሄዱት ወደ እርሱ ሳይሆን ወደ እርሷ ነው። "ስለ መድኃኔዓለም ብለሽ ተይለት" ትባላለች፤ እምቢ ካለች ቂመኛ ናት፣ ቁርባኗም ይጠየቃል። እርሱ ግን እንዳይደግመው ዋስ ጠርቶ አያውቅም። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሴት ጠልፎ የደፈረ ሰው ካገባት ከቅጣት ነፃ ይሆን ነበር። ያ አንቀጽ የተነሳው ከግንቦት 1997 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ነው። ሕጉ ተለወጠ እንጂ በየመንደሩ ሽምግልናው አሁንም አልጠፋም። ልጅቷ ለእርቅ ተብሎ ዝም ትላለች፤ ዝምታዋም ይቅርታ ተብሎ ይቆጠርላታል።

ጠቅላላው መከራ የሚመጣው ይቅር ማለትና ክስ መተው አንድ ተደርገው በመወሰዳቸው ነው። የቅርብ ዘመን ታሪክ ግን ሁለቱ ጎን ለጎን እንደሚሄዱ በግልጽ ያሳያል። የሮማው ሊቀ ጳጳስ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. ግንቦት 13 ቀን 1981 በቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ በጥይት ተመቱ። ከአራት ቀን በኋላ ከሆስፒታል አልጋቸው ሆነው ተኳሹን መህመት አሊ አግጃን ይቅር ማለታቸውን ለሕዝብ ተናገሩ። እ.ኤ.አ. በ1983 ከገና በኋላ ደግሞ ወደ ረቢቢያ ወህኒ ቤት ሄደው፣ በክፍሉ ጥግ ሁለት ወንበር ስበው፣ እጁን ይዘው አነጋገሩት። የዚያን ዕለቱን ፎቶግራፍ ዓለም ሁሉ አይቶታል። ብዙዎች የማያስታውሱት ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ሊቀ ጳጳሱ ወጡ፣ አግጃ እዚያው ቀረ። የጣሊያን ፕሬዚዳንት ይቅርታ አድርገውለት ለቱርክ ተላልፎ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። እጁን ከያዙበት ቀን ጀምሮ ከአሥራ ስድስት ዓመት በላይ መሆኑ ነው፤ ቱርክም ሲደርስ ነፃ አልወጣም፣ በቀድሞ ወንጀሎቹ ታስሮ ቆየ። በሊቀ ጳጳሱ ይቅርታ ላይ ግን "ከልብ አልነበረም" ያለ የለም።

በአሜሪካ ቻርልስተን ከተማ እ.ኤ.አ. ሰኔ 17 ቀን 2015 አንድ ነጭ ዘረኛ ወጣት በአማኑኤል ቤተ ክርስቲያን የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ላይ ገብቶ፣ ምእመናኑ ወንበር ሰጥተው ካስቀመጡት በኋላ ዘጠኙን ገደለ። በሁለተኛው ቀን ፍርድ ቤት ሲቀርብ ከሟች ቤተሰቦች አንዳንዶቹ እያለቀሱ ይቅር እንዳሉት ነገሩት። ዓለም ተደነቀ፤ መደነቅም ይገባዋል። ከሟቾቹ የአንዷ ሴት ልጅ ዕለቱን ይቅር ስትል እህቷ ግን እንደርሷ አልቻለችም፤ ዓመታት ፈጀባት። አንድ ማህፀን ያፈራቸው፣ አንዲት እናት የተገደለችባቸው፣ በአንድ እምነት ያደጉ እህትማማቾች ናቸው። የትኛዋ ናት ክርስቲያን? ሁለቱም። ሐዘን በሰዓት አይለካም፤ ከውጭ ቆሞ የሚያጣድፍ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ማፈር አለበት። ችሎቱም ቢሆን ለማንኛዋም አልቆመም። ገዳዩ እ.ኤ.አ. በ2017 ተፈረደበት።

ደቡብ አፍሪካ እንደ ተቃራኒ ማስረጃ ትቀርባለች፤ "እነርሱ ይቅር ብለው አልፈዋል" ይባላል። በሊቀ ጳጳስ ዴዝመንድ ቱቱ የተመራው የእውነትና የእርቅ ኮሚሽን ምሕረት እንዲደረግላቸው ካመለከቱት 7,112 ሰዎች መካከል የፈቀደው ለ849 ብቻ ነበር። መስፈርቱ በአደባባይ ቀርቦ እውነቱን ሁሉ መናገር ነው። የፀረ አፓርታይድ ታጋዩን ስቲቭ ቢኮን በእስር ቤት ለሞት ያበቁት ፖሊሶች እውነቱን አልተናገሩም ተብሎ ተከለከሉ። የቢኮ ቤተሰብም የምሕረቱን ሕግ በሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ተከራክረዋል፤ ቢሸነፉም ተከራክረዋል። የደቡብ አፍሪካ መንገድ ጉድለቱ ብዙ ነው፤ ለተጎጂዎች የተከፈለው ካሳ ትንሽም የዘገየም ነበር። ቢሆንም እዚያ ገዳዩ ነፃ ለመውጣት ቢያንስ አፉን መክፈት ነበረበት።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ የዚህን እውነትነት የአትላንታን ያህል ያሳየ ቦታ የለም። በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ማለት ነው፣ በአንድ የአትላንታ ሆቴል በአስተናጋጅነት የምትሠራ ኢትዮጵያዊት ስደተኛ አሳንሰር አጠገብ አንድ የሥራ ባልደረባ አየች። ሻንጣ ተሸካሚ ነው። ፊቱን ለየችው። በቀይ ሽብር ጊዜ በአዲስ አበባ ከፍተኛ 9 ሊቀ መንበር የነበረው፣ እርሷን በድብደባ ያሠቃያት ከልቤሳ ነገዎ ነበር። እርሷና ሌሎች ሁለት ሴቶች ከሰሱት። እ.ኤ.አ. በ1993 የአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤት ለሦስቱ 1.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ፈረደበት። ገንዘቡን ማግኘት እንደማይችሉ ያውቁ ነበር። የፈለጉት የሆነባቸውን ነገር ዳኛ ፊት ተናግረው "አዎ፣ ይህ ተፈጽሟል" ተብሎ እንዲጻፍ ነው። ሰውየው ኋላ የአሜሪካ ዜግነቱን አጥቶ እ.ኤ.አ. በ2006 ወደ ኢትዮጵያ ተባረረ፤ እዚህ በሌለበት ዕድሜ ልክ ተፈርዶበት ነበር። ከዚያም በኋላ በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. በሄግ የሚገኝ የኔዘርላንድ ፍርድ ቤት በጎጃም የደርግ ተጠሪ በነበረው በእሸቱ ዓለሙ ላይ፣ በደብረ ማርቆስ 75 ወጣት እስረኞችን በማስገደልና በሌሎች ወንጀሎች ዕድሜ ልክ ፈረደ። አርባ ዓመት ያህል ቆይቶ! እዚያ የመሰከሩት ሰዎች ፀጉራቸው ሸብቷል። ቂም ይዘው እንደኖሩ መናገር ይቻል ይሆናል። ምስክርነታቸውን ግን ያለ እነርሱ የሚሰጥላቸው አልነበረም፤ የሞቱት ጓደኞቻቸው መናገር አይችሉም።

በሌላ በኩል የሚነሳ ክርክር አለ፤ ክብደትም አለው። ፍርድ ይዘገያል። የደርግ ችሎት አሥራ ሁለት ዓመት ሲጎተት ምስክሮችም ተከሳሾችም ሞቱ፤ ዋናው ተከሳሽ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ሐራሬ ተቀምጧል። ተበዳይ ነፍሱን ከፍርድ ቤት ቀጠሮ ጋር ካሰረ እድሜውን ሙሉ ይታሰራል። በዚህ ረገድ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት መድኃኒት ነው። ይቅርታ በዳዩ ሳይጠይቅም፣ ሳይጸጸትም፣ ሳይገኝም በተበዳይ ልብ ውስጥ ሊጀመር ይችላል፤ ክርስቲያንም ወደዚያ እንዲሄድ የታዘዘ ነው። ትእዛዙ ከባድ መሆኑ ትእዛዝነቱን አያስቀረውም። ደካማና በሽተኛ ሆኖ ሃያ ዓመት የታሰረ ሽማግሌ እንዲለቀቅ መጠየቅም ኃጢአት የለበትም። ስለዚህ በ2003 አባቶች የለመኑት ልመና ራሱ ስሕተት አልነበረም። ስሕተቱ የቅደም ተከተል ነው። የበዳዩን እስር ማሳጠር ሲለምኑ የተበዳይን ይቅርታ አብረው ደመሩበት። ከዚያ በፊት ደግሞ ወደ ታሳሪዎቹ ገብተው "ልጆቹ የት ተቀበሩ? ስማቸውንና ቦታውን ንገሩን፤ ሳትናገሩ አናማልድም" ማለት ይችሉ ነበር። የእስር ቤቱ በር ለእነርሱ ክፍት ነበር። የንስሐ አባትነትም ሥልጣን አላቸው። ከተፈቱት መካከል መጽሐፍ የጻፉ አሉ፤ ስለ አብዮቱ ብዙ ገጽ ጽፈዋል። መቃብር ፈላጊ ቤተሰብ ግን የሚፈልገው አንድ ገጽ ነበር።

ይህን ሁሉ ዛሬ ማንሳት ያስፈለገው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲው በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. በሚኒስትሮች ምክር ቤት ስለጸደቀ ነው። ፖሊሲው ክስን፣ እውነት ማፈላለግን፣ እርቅን፣ በቅድመ ሁኔታ የሚሰጥ ምሕረትንና ካሳን አንድ ላይ ይዟል። በወረቀት ላይ መልካም ነው። በሰሜኑ ጦርነትና በየክልሉ ባለው ግጭት የተደፈሩ፣ የተፈናቀሉ፣ ዘመዶቻቸው የታረዱባቸው ሰዎች ግን ገና ሰሚ አላገኙም። ነገ መድረክ ሲዘረጋ የሃይማኖት አባቶች ከፊት መቀመጣቸው አይቀርም፤ ሕዝቡም የሚሰማው እነርሱን ነው። መንግሥት በበኩሉ ይቅርታ የምትለዋን ቃል ይወዳታል፤ ከፍርድ ቤት ይልቅ ርካሽ ናትና።

ስለዚህ ለአባቶች አንድ ልመና ይቅረብ። ወደ ተበዳይ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ወደ በዳዩ ቤት ሂዱ። መሣሪያ የያዘው በየትኛውም ወገን ይሁን፣ ባለሥልጣንም ይሁን ታጣቂ፣ ያደረገውን በስሙ እንዲናገር፣ የወሰደውን እንዲመልስ፣ ዳኛ ፊት እንዲቆም በግልጽ ጠይቁት፤ እምቢ ካለም በዐውደ ምሕረት ላይ ተናገሩት። ወደ ተጎጂዋ ስትሄዱ ደግሞ ይቅር በይ ሳትሏት በፊት ቁጭ ብላችሁ የሆነባትን ስሟት፤ ፍርድ ቤት መሄድ ከፈለገች ምስክር ሆናችሁ አብራችኋት ሂዱ። ይቅር የምትልበትን ቀን እርሷ ትወስን።